የንጋት ሕልም፣ ዱካክና የትራስ ሥር ቢላ፦ ስለ ሕልም ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ስለ ሕልም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕልም ስለ መጪው ጊዜ የተላከ መልእክት ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ የታወቀ ፍቺ አለው፤ ሲነጋጋ የታየ ሕልም ይደርሳል፤ ዱካክ በሰው ላይ የሚጫን መንፈስ ነው፤ መፍትሔውም ትራስ ሥር ቢላ ማኖር ነው፤ ክፉ ሕልም የሚደጋገምበት ሰው የሚውጠውን መድኃኒት ትቶ ሕልሙን ያስፈታ። በመሀሉ የኦሪቱን ዮሴፍንም የሥነ ልቦናውን ሐኪም ፍሮይድንም ምስክር ይጠራሉ።

ሰው ቡና ላይ ሕልሙን ቢያወራ፣ ጎረቤቱም "በጎ ያድርግልህ" ቢለው ክፋት የለውም፤ ወግ ነው፣ ደስ የሚል ወግ። ምላሽ እንድንጽፍ ያስገደደን "መድኃኒት ተዉ" የሚለው ምክር ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ጽሑፉ የቆመባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

"ሲነጋጋ የታየ ሕልም ይደርሳል" የሚለውን ለመጣል አንቸኩልም፤ ግማሹ ትክክለኛ ትዝብት ነው። ሲነጋጋ የሚታይ ሕልም በእርግጥ ይለያል፤ ይረዝማል፣ ይደምቃል፣ ከነዝርዝሩ ይታወሳል። የተሳተው ምክንያቱ ነው።

እንቅልፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም፤ በዑደት ይሄዳል። አንዱ ዑደት 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሌሊቱን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሳል። መጀመሪያ ቀላል እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ከባዱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ የሚሯሯጥበት ክፍል ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለይተው ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ሬም እንቅልፍ ይባላል። ከሬም መሀል የተቀሰቀሰ ሰው ከ10 ጊዜ 8 ጊዜ ያህል ሕልም ላይ እንደነበረ ይናገራል። ከሌላው እንቅልፍ ሲቀሰቀስም ሕልም አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ግን አጭርና እንደ ተቆረጠ ሐሳብ ያለ ነው።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከምሽቱ 3 ሰዓት እንቅልፍ የወሰደው ሰው የመጀመሪያው ሬም 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣለትና 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በየዑደቱ ከባዱ እንቅልፍ ያጥራል፣ ሬሙ ይረዝማል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲህ የሚመጣው ሬም ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዶሮ ሲጮህ የሚነቃ ሰው፣ ለኪዳን የሚነሳም ሆነ በሬ ለመጥመድ የሚነሳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ከሌሊቱ ረጅሙ ሕልም ውስጥ ነው። የንጋት ሕልም "እውነተኛ" የመሰለው ከሕልሞች ሁሉ ለመታወስ የተሻለው ዕድል የእሱ ስለሆነ ነው። የ4 ሰዓት ተኩሉም ሕልም ታይቷል፤ የሚመሰክርለት ግን አልነቃም።

በሬም ጊዜ፣ አእምሮ የሆነውን እንዲይዝ የሚያግዘው ኖርአድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ መመንጨቱ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ከአልጋ ወርደን ጫማችንን ሳናጠልቅ ሕልሙ እልም የሚለው በዚህ ነው። "እኔ ሕልም አላይም" የሚል ሰውም ያያል፤ አይያዝለትም እንጂ። መያዝ የፈለገ ደብተርና እርሳስ ከራስጌው ያኑር። ሲነቃ አይገላበጥ፤ ዓይኑን እንደጨፈነ አንድ ደቂቃ ይቆይና ከመጨረሻው ትዕይንት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሂድ። መጀመሪያ አምስት ስድስት ቁልፍ ቃላት ብቻ ይጻፍ፤ ዝርዝሩ ይከተላል። ብዙ ሰው ላይ የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው፦ ስልክ ሲነኩ፣ የቀኑን ሥራ ማሰብ ሲጀምሩ፣ ሕልሙን ትተው ፍቺውን ሲጽፉ።

ጽሑፉ በዚሁ አጠገብ ሁለት ነገሮች ጣል ያደርጋል። "ሕልም ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው" ይላል። አይደለም። ዊልያም ዴመንትና ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎችን ሬም ከጀመረ 5 ወይም 15 ደቂቃ ሲሆን እየቀሰቀሱ የትኛው እንደሆነ ጠየቋቸው፤ ከ5 መልስ 4ቱ ያህል ትክክል ነበር። "በሕልሙ የሞተ ሰው አይነቃም" ለሚለው ደግሞ በሕልማቸው ሞተው ጠዋት ቁርስ የበሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ አንቆይበትም።

ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሙሉ ዝርዝር ይሰጣል፤ ጥርስ ሲወልቅ ዘመድ ይሞታል፣ ሰርግ ለቅሶ ነው፣ እባብ ጠላት ነው፣ ዓይነ ምድር ገንዘብ ነው። ከዝርዝሩ በላይ ግን "አባቶቻችን ሕልም እንደ ፈቺው ነው ብለዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ጸሐፊው ልብ አላሉትም እንጂ ይህ ተረት ዝርዝራቸውን ያፈርሰዋል። ሕልም እንደ ፈቺው ከሆነ፣ ፍቺው ያለው ፈቺው ዘንድ እንጂ ጥርሱ ወይም እባቡ ውስጥ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ምልክት ለሁሉም ሰው አንድ ትርጉም እንደሌለው ለማየት ከዞኑ መውጣት አያስፈልግም። በግ እንውሰድ። መንዝ ላይ በግ ማለት ሱፍ ነው፣ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ የዓመት ልብስና የልጅ ትምህርት ነው፤ በሕልሙ በጎቹ ገደል ሲገቡ ያየ እረኛ ቀን የሚያስጨንቀውን ነው ያየው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ወጣት በግ ካየች ደግሞ ነገሩ ምናልባት የፋሲካ ወጪ ነው። እባብም በቀወት ቆላ ሣር የሚያጭድ ሰው በየቀኑ የሚጠነቀቀው ፍጥረት ነው። ለሦስቱ አንድ መዝገበ ቃላት ማደል ለሦስት በሽተኛ አንድ ክኒን እንደ መስጠት ነው።

ሕልም ከቀኑ ኑሮ እንደሚቀዳ በሙከራም ታይቷል። ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለቀናት አጫወቱ፤ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ከ10 ሰው 6ቱ ያህል ሲወርዱ የሚያዩት የጨዋታውን ቅርጾች ነበር። የሚገርመው፣ አንጎላቸው ተጎድቶ ጨዋታውን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ ሰዎችም ቅርጾቹን አዩ። አንዳንድ ገጠመኝ በዚያው ሌሊት ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ብቅ ይላል። ለነገሩ መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣ ይናገራል፤ ጸሐፊው ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲጠቅሱ ይህን መዝለላቸው አስገርሞናል።

ስለ ጥርሱ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ሕልም ነው፤ ያየ ሰው በሩቅ ያለች እናቱን እስኪያገኛት እህል አይቀምስም። እስራኤል ውስጥ ከ200 በላይ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ጥርስ የመርገፍ ሕልም ከጭንቀት ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ ይልቁንም ጠዋት ሲነቁ ጥርስና ድድ ላይ ከሚሰማ ሕመምና መወጠር ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። ተኝቶ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው መንጋጋው ሌሊቱን ይሠራል፤ አእምሮውም ለዚያ ስሜት ታሪክ ይፈጥርለታል። ይህ ሕልም ሲደጋገም ቀድሞ የሚጠየቀው የቤቱ ሰው ነው፦ "ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ ወይ?" ጠዋት መንጋጋ የሚከብድ፣ ጆሮ ግንድ የሚታመም፣ የጥርስ ጫፍ የሚሸራረፍ ከሆነ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ነው።

የዮሴፍ ታሪክ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ነው። እኛ ስለ እምነት አንከራከርም፤ ታሪኩን ግን እንዳለ እናንብበው። ኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ የፈርዖንን ሕልም የግብፅ ጠቢባን ሁሉ ሊፈቱት አልቻሉም። ዮሴፍም ቀደም ብሎ እስር ቤት ሳለ ፍቺ የእግዚአብሔር እንደሆነ ተናግሯል። ጥሩ ላም ጥጋብ፣ ከሲታ ላም ረሃብ የሚል ዝርዝር ለሰው አላደለም። ያደረገው በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ማከማቸት ነው። ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ዛሬ "ሰርግ ለቅሶ ነው" ለማለት የሚያደርስ መንገድ አናይም።

በዚያው አንቀጽ ደብረ ብርሃን ራሷ "በንጉሥ ሕልም የተመሠረተች" ተብላለች። ይህ ስሕተት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የከተማዋ ስም የመጣው በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑም በቁም፣ በዓይን የታየ ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

"ታዲያ ሕልሜ ስንቴ ደርሶ አየሁ!" የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ የሰዎቹን ቃል ውሸት ማለት አንችልም። የምንጠይቀው ግን ያልደረሱትን ማን ቆጠረ? ነው። ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል፦ አንድ ሰው በቀን አንድ ሕልም ያስታውሳል፤ አንድ ሕልም በአጋጣሚ ብቻ ከነገው ክስተት ጋር የመግጠም ዕድሉ ከ10,000 አንድ ብቻ ይሁን። በዓመት 365 ሕልም ስለሚሆን፣ ያ ሰው በዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ "የደረሰ" ሕልም የማየት ዕድሉ 3.6 በመቶ ያህል ይሆናል። 100,000 ሰው በሚኖርበት ከተማ ይህ በዓመት 3,600 ገደማ ሰው ነው። ያለ ምንም ተአምር፣ በየቀኑ ወደ 10 ሰው "ሕልሜ ደረሰ" ይላል። የዚያ ሰው ሕልም በየሰፈሩ ይወራል፤ ሳይደርስ የቀረውን ግን ያየው ሰው ራሱ ምሳ ሳይደርስ ረስቶታል።

ፍሮይድ "በሳይንስ አረጋግጧል" የሚለውን ባጭሩ። ሲግመንድ ፍሮይድ የሕልም ፍቺ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1899 ነው፤ ሽፋኑ ላይ 1900 ተብሎ። ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በ1924፣ ያሳተመው በ1929 ነው። ፍሮይድ የተኛ አንጎልን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ታካሚዎቹ የሚነግሩትን ሰምቶ ነው ሐሳቡን የገነባው። ደግሞም እሱ ሕልም ያለፈንና የተደበቀን ምኞት ያሳያል አለ እንጂ መጪውን ይናገራል አላለም። ምስክሩ የተጠራው ለተቃራኒው ወገን ነው።

ጸሐፊው "ሳይንቲስቶች ሕልም ትርጉም የለውም ይላሉ" ብለውም ይከሳሉ። ይህ ክስ ሥር አለው። አለን ሆብሰንና ሮበርት ማካርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ሕልም የሚጀምረው ከአንጎል ግንድ በሚነሳ ግፊት ነው፣ የላይኛው አንጎል ደግሞ ያን ድንግርግር ታሪክ አድርጎ ይሰፋዋል አሉ። ብዙዎች ይህን "ሕልም ከንቱ ነው" ብለው ተረጎሙት። ነገር ግን ስፌቱ የሚሰፋው ከባለሕልሙ ጨርቅ ነው። ሕልም ስለ ባለቤቱ ይናገራል፤ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ናፍቆቱ፣ ስላልጨረሰው ሥራ። የማይናገረው ስለ ማክሰኞ ገበያ ዋጋ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ሳይንቲስቱ ኦቶ ሌቪ ነው። ነርቭ ወደ ልብ መልእክት የሚያስተላልፈው በኬሚካል መሆኑን የሚያሳየውን ሙከራ በሕልሙ አገኘው። የመጀመሪያውን ሌሊት ነቅቶ ሞነጫጨረ፤ ጠዋት ግን የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በሁለተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሕልሙ ተመለሰ፤ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራ ሄዶ በሁለት እንቁራሪት ልብ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ይህን የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው፣ ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1903 መሆኑን ነው። ከዚያ ጀምሮ ውስጡ ነበር።

አሁን ዱካክ። "መንፈስ ደረት ላይ ይወጣል፣ ጉሮሮ ያንቃል፣ ሰው እንዳይጮህ አፉን ይይዛል" ይላል ጽሑፉ። ስሜቱን በትክክል ገልጾታል። ደርሶበት የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ የደረሰበት ግን ፍርሃቱን ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ከ100 ሰው 8ቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርስበታል።

በሬም እንቅልፍ ጊዜ የአንጎል ግንድ ወደ ጡንቻዎች የሚሄደውን ትእዛዝ ይዘጋል። ይህ ጥበቃ ነው፤ በሕልማችን ስንሮጥ በእግራችን ግድግዳ እንዳንመታ። ሁለት ነገር ብቻ ክፍት ይቀራል፦ ዓይንና ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ዲያፍራም። አንዳንዴ አእምሮ ይነቃል፣ መዝጊያው ግን ገና አልተከፈተም። ሰውየው ክፍሉን ያያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ጣቱን ግን ማንቀሳቀስ አይችልም። ጥልቅ ትንፋሽ ለመውሰድ ሲሞክር የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ስለማይታዘዙት ደረቱ ላይ ክብደት የተጫነ ይመስለዋል። የፍርሃት ማእከል የሆነው አሚግዳላ በሬም ጊዜ እጅግ ንቁ ስለሆነ ደግሞ በሩ አጠገብ የቆመ ሰው ወይም ጥላ ይታያል። ከጥቂት ሰከንድ እስከ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል።

ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ላይ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። ስሙ እንደ አገሩ ይለዋወጣል፤ ደረት ላይ መቀመጡ፣ ድምፅ መጥፋቱ፣ የበሩ ጥላ ግን አንድ ነው። የአንኮበር ሰውና የቶኪዮ ሰው የሚጋሩት የአንጎል ግንዱን ነው።

የሚያመጡት ነገሮች ይታወቃሉ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የመኝታ ሰዓት መዘበራረቅ፣ በጀርባ መተኛት፣ ጭንቀት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞችና ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ሌሊት የሚመላለሱ ሾፌሮች ስለ ዱካክ ቢያወሩ አያስገርምም። መከላከያውም ከዚሁ ይነሳል፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ በጎን መተኛት (በጀርባ የሚገለበጥ ሰው የተጠቀለለ ጨርቅ ከኋላው ያድርግ)፣ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት። ሲይዝ ደግሞ መታገል ያባብሰዋል። ዓይንን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ፣ ትንፋሽን በቀስታ ማውጣት፣ የአንድ እግር ጣት ጫፍ ብቻ ለማንቀሳቀስ መሞከር ቶሎ ይፈታዋል። አጠገብ ያለ ሰው ስም ጠርቶ ትከሻ ቢነካ ወዲያው ይለቃል፤ ይህን እናቶቻችን ያለ ማንም አስተማሪ ያውቁታል። ከዱካኩ ጋር ቀን ላይ መቋቋም የማይቻል እንቅልፍ የሚጥል ከሆነ፣ ወይም ሲስቁና ሲደነግጡ ጉልበት የሚከዳ ከሆነ፣ ሌላ በሽታ ስለሚሆን መመርመር ያሻል።

ትራስ ሥር ቢላ የማኖሩን ነገር በቀልድ የምናልፈው አይደለም። ያ የጡንቻ መዝጊያ የሚበላሽበት በሽታ አለ፤ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 ገልጸውታል። በብዛት ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ወንዶችን ይይዛል። ሰውየው ሕልሙን በአካሉ ይሠራዋል፤ ይጮሃል፣ በቡጢ ይመታል፣ ከአልጋ ይዘላል፤ ሌባ እያባረረ የተኛች ሚስቱን ያንቃል። እንዲህ ላለ ሰው ትራስ ሥር ቢላ ማኖር ምን እንደሚያመጣ አንባቢ ይፍረደው። ከመኝታው አጠገብ ቢላ፣ ጠርሙስና በተለይ ጠመንጃ ይነሳ፤ ፍራሹ መሬት ላይ ይሁን፤ ሚስት ለጊዜው ለብቻ ትተኛ። የነርቭ ሐኪምም ይየው፤ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የፓርኪንሰን በሽታ ወይም መሰሎቹ ይታዩባቸዋልና።

ወደ አስገዳጁ ነጥብ ደረስን፤ ክፉ ሕልም የሚደጋገምበት መድኃኒቱን ይተው ወደሚለው። አንዳንድ መድኃኒቶች ሕልምን እንደሚያደምቁና እንደሚያስፈሩ እውነት ነው። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝ በዚህ የታወቀ ነበር፤ ዶሉቴግራቪርም አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕልም ያበዛል። ለደም ግፊትና ለራስ ምታት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ። መፍትሔው ግን ለሐኪሙ መንገር ነው፤ ለምሳሌ ዶሉቴግራቪርን ከማታ ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ማቋረጥ ቫይረሱ እንዲያንሰራራ በር ይከፍታል። ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆም ልብ ላይ አደጋ ያመጣል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በድንገት ከቆመ ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊከተል፣ ሰውም ሊሞት ይችላል።

ተንኮሉ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ፌኖባርቢታልና ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ሬም እንቅልፍን ይጫናሉ። በድንገት ሲቆሙ የተጫነው ሬም በእጥፍ ይመለሳል፤ ለቀናት ሌሊቱ በሙሉ ቅዠት ይሆናል። ምክሩን የሰማ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ሕልሙ ይብስበታል፣ "ነገሩ እውነት ነው፣ ከባድ ነው" ብሎ ፈቺው ዘንድ ይመላለሳል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚሄድ ሰው ክኒኑንም ይዞ መሄድ ይችላል፤ ሁለቱን ያጣላቸው ይህ ጽሑፍ ነው።

አረቄም እንደዚያው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አራት መለኪያ የጠጣ ሰው መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ይተኛል፤ አልኮሉ ሬሙን ስለሚያፍነው ሕልም የለም። ጉበት በሰዓት አንድ መለኪያ ያህል ብቻ ነው የሚያጠራው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ አልኮሉ ሲያልቅ የታፈነው ሬም ይገነፍላል፤ ላብ፣ የልብ ምት፣ ቅዠት። ሰውየው "ከመጠጣቴ በፊት እንኳ እንቅልፍ አልነበረኝም" ብሎ በማግስቱ አንድ መለኪያ ይጨምራል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ግን በአንድ ቀን አያቁም፤ ካቆመ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር በቁሙ የሚያይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የአደጋና የጦርነት ቅዠት ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ አስጠለለች። ያን ያየ ሰው ያንኑ ትዕይንት በየሌሊቱ ሲያየው "ገና የሚመጣ ነገር አለ" ብሎ መንገር ጭካኔ ነው። ያለፈው ነው የሚመላለሰው። ለዚህ የሚረዳ፣ ወረቀትና ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ አለ። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ጥቃት በደረሰባቸው 168 ሴቶች ላይ ሞክረው ቅዠቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቀን ላይ፣ በደህና ሰዓት፣ ከቅዠቶቹ ቀለል ያለው ይመረጣል። ይጻፋል፤ መጻፍ ለማይችል ለሚያምነው ሰው ይነገራል። ከዚያ ባለሕልሙ ታሪኩን እንደፈለገ ይለውጠዋል፤ የተዘጋው በር ይከፈታል፣ የጠፋው ሰው ይገኛል፣ መጨረሻው ሌላ ይሆናል። አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይኑን ጨፍኖ በዝርዝር ያየዋል። በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ቅዠት በላይ አይሠራበትም።

የማይሠራለት ሰው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን አድርጓል፦ በከባዱ ቅዠት ጀምሯል፤ አዲሱን ትቶ አሮጌውን ይደጋግማል፤ አልጋ ላይ ሆኖ ሊተኛ ሲል ይሠራዋል፤ ወይም በ3ኛው ቀን ተስፋ ቆርጧል። ለውጡ በሳምንታት ነው የሚታየው። ቀን ላይም ትዕይንቱ የሚመላለስበት፣ የሚበረግግ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ግን ይህን ለብቻው አይሞክረው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂድ።

ስለ ሕፃናት ጽሑፉ አንድ መስመር ብቻ አለው፤ "ሌሊት የሚጮህ ልጅ ተለክፏል" የሚል። እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ተነስቶ የሚጮህ፣ ዓይኑ ተገልጦ እናቱን የማያውቅ፣ ጠዋት ምንም የማያስታውስ ልጅ ሕልም አላየም። ከከባዱ እንቅልፍ በግማሽ ነቅቶ ነው። መነቅነቅና ውኃ መርጨት ያራዝመዋል። እንዳይወድቅና ምድጃ ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ፣ እስኪረጋ ዝም ብሎ አጠገቡ መሆን ይበቃል። በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት የሚነሳበት ከሆነ ከዚያ ሰዓት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ በቀስታ ቀስቅሶ መልሶ ማስተኛት ለሳምንታት ይሞከር። ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

የጽሑፉ የመጨረሻ ነጥብ ደግሞ ደብረ ብርሃንን በቀጥታ ይነካል፤ "ከኅዳር እስከ ጥር መናፍስት ስለሚበዙ ሕልም ይከብዳል" ይላል። የሚበዛው ውርጭ ነው። በሬም ጊዜ ሰውነት ሙቀቱን የመጠበቅ ሥራውን ስለሚያላላ፣ መንቀጥቀጥም ስለማይችል፣ የበረደው ሰው ከሕልሙ መሀል እየነቃ ያድራል፤ ስለዚህም ብዙ ያስታውሳል። ከዚህ የባሰው ክፍልን ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ነው። ፍም የሆነ ከሰል ጭስም ሽታም ሳይኖረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ፣ "ሌሊቱን ሲያንቁኝ አደሩ" የሚል ስሜት፣ በተለይ ከአንድ ክፍል ያደሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ላይ አንድ ላይ ከታየ፣ ሕልም ፈቺ አይጠራ፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከነፍሙ ደጅ ይውጣ። ለብርዱ ባና መደረብና ሙቅ ውኃ የሞላ፣ ክዳኑ የጠበቀና በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ እግር ሥር ማኖር ይበቃል።